አይተህ ሳይሆን ተሰምቶህ ጎትት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ሚኒሶታ ሳለሁ ስላየሁት መስኪ ስለሚባል ዓሣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ መስኪ፣ መስኪ ሆነ። ስለ አምባዛ የጠየቃችሁኝ ትንሽ ታገሡኝ፤ ዛሬ ተራው የመስኪ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እህቴ ሚኒሶታ ናት። በሚቀጥለው ክረምት ልጠይቃት ልሄድ ነው፣ ቪዛውም ተሳክቷል። ባሏ ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። “መስኪን ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ማባበያ እናጠምዳለን” ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። ዓሣው ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ብር ወንዝ ላይ በትል ከማጥመድ በቀር ምንም አላውቅም። ከየት ልጀምር? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ግን ያ ቪዲዮ አንድ ነገር ደብቆሃል። ሰውዬው ዓሣው እስኪወጣለት ድረስ ስንት ጊዜ እንደወረወረ አላሳየህም። እዚያ አገር መስኪን “የዐሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ” ይሉታል። በደቂቃ አንድ ጊዜ ብትወረውር 10,000 ውርወራ 166 ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብትቆምበት 21 ቀን ገደማ ማለት ነው። አባባል ነው እንግዲህ፣ ተቀምጦ የቆጠረ የለም። ዕድል የቀናው በመጀመሪያው ሰዓት ይይዛል። እኔ አልቀናኝም።

መስኪ ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ አፉ እንደ ዳክዬ ጠፍጠፍ ብሎ ውስጡ ጥርስ ብቻ የሆነ ዓሣ ነው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ፣ ዊስኮንሲን፣ ሚኒሶታ፣ ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ታገኘዋለህ። አያሯሩጥም፣ ያደባል። ሣር ሥር ወይም ድንጋይ ጥግ ቀጥ ብሎ ይቆምና ያለፈው ላይ እንደ ነብር ይወረወራል። ዓሣ ነው ዋና ቀለቡ፤ ግን እንቁራሪትም ሆነ የዳክዬ ጫጩት፣ ወይም ሐይቁን ልሻገር ያለች አይጥ ካገኘ አይምርም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ማባበያ፣ ማለትም መንጠቆ የተገጠመለት አሻንጉሊት፣ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች ሆኖ ሽቅብ ሲያይ፣ ሰማዩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር እየተንቦጫረቀ ያልፋል። ምንነቱን ለማጣራት ጊዜ የለውም።

የማባበያው ዓይነት ብዙ ነው። ለጀማሪ ጭራው የሚሽከረከረው ይበቃል። ክሩን ስትጠቀልል ጭራው ይዞራል፣ ድምፁም እንስራ ምንጭ ውስጥ ተዘፍቆ ሲሞላ እንደሚያሰማው ነው፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ሁለት የብረት ክንፍ ያለውም አለ፣ ዋና ያልቻለ ሕፃን እጁን እያወናጨፈ የሚሄድ ይመስላል፤ እሱን በጣም በዝግታ ነው የምትጎትተው፣ ለማታ ጥሩ ነው። ግራና ቀኝ እየተወላገደ የሚሄደውን ግን ለጊዜው ተወው፣ የእጅ አንጓ ልምድ ይፈልጋል። መጠናቸው ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሳያቸው ቀልድ መስለውኝ ነበር። አንተም ብር ወንዝ ላይ የያዝካቸው ዓሣዎች ከማባበያው ሳያንሱ አይቀሩም።

ዕቃውን አማችህ ያዘጋጅልሃል፤ ጠቅላላውን ብቻ ልንገርህ። ዘንጉ ከ2 ሜትር ተኩል የማያንስ፣ ክሩ የተጎነጎነ ሆኖ 36 ኪሎ ያህል የሚችል። የተጎነጎነው የሚመረጠው ስለሚንሳፈፍና ስለማይለጠጥ ነው። ማባበያው ከክሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል የብረት ክር ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባል በጣም ወፍራም የፕላስቲክ ክር ይገባል። ያ ከሌለ በአንድ ንክሻ ይበጥሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ኦገስት ነበር፣ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ውሃው እንደ እርጎ ረግቷል። ማባበያዬ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይመጣል። ከጀልባው ዐሥር ሜትር ያህል ሲቀረው ከኋላው ውሃው እንደ ማረሻ ትልም ተሰነጠቀ፣ ትልሙም ወደ ማባበያው ቀጥ ብሎ መጣ። ጓደኛዬ “ተረጋጋ፣ ተረጋጋ” ይለኛል። ከዚያ ዷ! ውሃው ፈነዳ። እጄ ከጭንቅላቴ ቀደመና ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። ማባበያው ባዶውን ተፈናጥሮ እየተሽከረከረ መጣ፣ የጓደኛዬን ኮፍያ መንጭቆ ከጀልባው ማዶ ውሃ ውስጥ ገባ። ኮፍያው ተገኘ። ዓሣው አልተገኘም።

ጆሮውን አስቡት። አንድ ስንዝር ዝቅ ቢል ኖሮ ዛሬ ወዳጅ አልነበርንም።

ምን ሆነ መሰለህ፤ መስኪ ውሃ ላይ ያለን ነገር ሲመታ ብዙ ጊዜ ይስታል። ፍንዳታውን አየህ ማለት አፉ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ውሃውን ነው የሚነክሰው። አንዳንዴም ይነክስና ገና አፉን ሳይዘጋና ሳይዞር አንተ ትነጥቀዋለህ። ስለዚህ ባየኸው ነገር አትጎትት። ክሩን እንደጀመርክ በዚያው ፍጥነት ጠቅልል። ክብደቱ እጅህ ላይ ሲመጣ፣ ዘንጉ ሲጎብጥ፣ ያኔ ብቻ ዘንጉን ወደ ጎን ጠረግ አድርገህ ጎትት። ወደ ሰማይ አይደለም፣ ወደ ጎን። ከሳተ ደግሞ ማባበያው አሁንም ውሃው ላይ ነው፣ መንገዱን ቀጥሏል፣ ዓሣውም ተናዷል፤ ተመልሶ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚመታ ብዙ ነው። ያቆምክ ወይም የነጠቅክ እንደሆነ ግን የሸሸ እንስሳ ሳይሆን እንግዳ ነገር ሆነበት፣ አለቀ።

ለመናገር ቀላል ነው። በተግባር ግን ልብህ ጉሮሮህ ላይ ሆኖ እጅህን ማዘዝ አትችልም። አንዳንዱ ዓሣው ሲከተለው ሆን ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔ የጎጃም ሰው ነኝና ሌላ ዘዴ አገኘሁ። ውሃው ሲፈነዳ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” እላለሁ፣ እስከ መጨረሻው። እሱን ስጨርስ ክብደቱ ወይ እጄ ላይ አለ፣ ወይ የለም። የመጀመሪያ መስኪዬን የያዝኩት በዚህ መንገድ ነው። ጓደኛዬ ሃይማኖተኛ ሆንክ ብሎ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

አንድ ሌላ አመል አለው፤ ይከተላል። ሳይነካ እስከ ጀልባው ድረስ ይከተልና ቆሞ ያይሃል። ስለዚህ ማባበያው አጠገብህ ሲደርስ ከውሃ አታውጣው። የዘንጉን ጫፍ ውሃው ውስጥ ክተትና ትልቅ 8 ቁጥር ጻፍ። ሲታጠፍ ሰፋ አድርገህ፤ ያ ርዝመት ያለው ዓሣ በጠባብ መታጠፍ አይችልም። ወገብ ያማል፣ ሞኝነትም ይመስላል። ቢሆንም በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ አድርገው፣ ዓሣ ባታይም፤ ባላየኸው ጊዜ ነው ከሥር የሚወጣው።

ሰዓቱ ማለዳና ምሽት ነው፣ ደመናማ ቀንም ይሆናል፤ ሌሊትም የሚያጠምዱ አሉ። ውሃው ረግቶ ወይም ትንሽ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሲሆን። ነፋስ በርትቶ ማዕበል ካነሣ የማባበያው ድምፅ ይዋጣልና ወደ ሌላ ዓይነት ቀይር። በጣም ሞቃት ሳምንት ከገጠማችሁ፣ የውሃው ሙቀት 27 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ፣ መስኪን ተዉት፤ ታግሎ ሲደክም ብትለቀውም ይሞታል። ፈቃድ ማውጣትህን አትርሳ። የመስኪ ወቅት የሚከፈተውም በጁን መጀመሪያ ነው፣ ቲኬት ስትቆርጥ አስብበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ሲመለስ አንድ ሳጥን ሙሉ የመስኪ ማባበያ ትቶልኝ ሄደ። ሲያዩት ያምራል፣ ዓይን ሁሉ አለው። ጣና ላይ ይሠራል? ጓደኞቼ “ሴት ልጅ ደግሞ በአሻንጉሊት ዓሣ ልታጠምድ” እያሉ ይስቁብኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሳቁ እህቴ፣ ዓሣው ወንድ ሴት አይለይም። ስለ ሳጥኑ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አብዛኛውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው።

መስኪ ጣና ውስጥ የለም። ጣና ያለው ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ቤዞና ነጭ ዓሣ ነው። ቀረሶ በዋናነት ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትን ነው የሚመገበው፣ የሚሸሽ ነገር አያባርርም፤ እሱን በማባበያ ልያዝ ማለት በግ በሥጋ ማባበል ነው። አምባዛ ሥጋ ይወዳል፣ ግን በጢሙና በሽታ እየተመራ ነው፤ ለእሱ ትልና የዓሣ ቁራጭ ይሻላል። የሚቀርሽ ነጭ ዓሣ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ባሕር ዳሬ ራሱ አያውቀውም። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚሆን ዓይነት ለይተዋል፣ ከእነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተከፋፍለው የቀሩት ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ስለማያሳልፍ ነው፤ 40 ሜትር ያህል የሚወርድ ውሃ ማን ይወጣዋል? አሁን ለአንቺ የሚጠቅመው ይኼ ነው፦ ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንደ መስኪ ነክሶ አይዝም፣ እያባረረ አፉን ከፍቶ ይውጣል እንጂ። ስለዚህ የስንዝር ማባበያ ለእሱ ትልቅ ነው፣ የብረቱም ክር አያስፈልግሽም።

ከሳጥኑ ውስጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን ምረጪ። ማለዳ ውጪ፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚነሣ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ትንንሽ ዓሣዎች ውሃው ላይ ተበታትነው ሲዘሉ ካየሽ ከሥር የሚያባርራቸው አለ ማለት ነው፣ እዚያ ላይ ወርውሪ። ውሃ ላይ ሲመታ ማየት ግን እዚህ ብርቅ ነው። እኔ በዕድሜዬ በጣቴ የምቆጥረው ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ከውሃው ወለል አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ ማንኪያ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ብረት ብትጠቀሚ ይሻልሻል። መጎተቱ ላይ ግን ለፍኖተ ሰላሙ ልጅ ያልኩትን አንቺም ያዢ፤ በክብደት እንጂ በዓይን አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ማለዳና ምሽት ደግሞ የእሱም ሰዓት ነው፤ ደንገል ውስጥ ለብቻሽ አትግቢ። እምቦጭ ያለበት ቦታም ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ አትወርውሪ፣ ዓሣ ሳይሆን አረም ስትጎትቺ ትውያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምትጽፈውን አነባለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ ገንዘብ ከስክሰው፣ ዓሣውን ከያዙ በኋላ ይለቁታል አልክ። በእግዜር ሲሳይ መቀለድ አይሆንም? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አባቴ፣ እኔም መጀመሪያ ልክ እንደ እርስዎ ነበር ያሰብኩት። አንድ ሜትር የሚያህል ዓሣ ሲለቀቅ አይቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። በሽሮ ፋንታ ስንት ቤት ያበላ ነበር!

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። መስኪ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የጫካ ነብር ስንት ነው? አድጎ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። የያዘ ሁሉ ቢበላው በጥቂት ዓመት ያልቃል። ሚኒሶታ ውስጥ ሕጉ ከ54 ኢንች በታች የሆነውን መስኪ ማስቀረት ይከለክላል፤ በኛ 137 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከሰባት ከስምንት ዓመት ልጅ ቁመት የሚበልጥ ማለት ነው። አብዛኛው አጥማጅ ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነውንም ይለቀዋል። እርስዎ ገበሬ ከሆኑ ወይም የገበሬ ልጅ ከሆኑ ይገባዎታል፤ ክረምት ቢከፋም ለዘር የተቀመጠው እህል አይፈጭም።

እኔ ጣና ላይ የያዝኩትን እበላለሁ፣ አልዋሽዎትም፤ በሁዳዴማ ዋጋውን እያየሁ እንዴት እለቃለሁ? ግን እኛም ለዘር የምንለው አለን። ብዙው ነጭ ዓሣ በክረምቱና በመስከረም እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞቹ ይወጣል፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቅ መረብ የዘረጋ ሰው አንድ ቀን ያፍሳል። ነጭ ዓሣው የቀነሰው በዋናነት በዚህ ነው። በ1995 የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315። ወረቀቱ አለ ለማለት ነው፤ ወንዙ አፍ ላይ ቆሞ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ መስኪን አምጥተን ቆጋ ግድብ ውስጥ ብናረባው ምን ይላሉ? ቱሪስት ይመጣል። (ከመራዊ)

መልስ፦ በፍጹም! የቆጋ ውሃ ተመልሶ የሚሄደው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባል አዳኝ ዓሣ ጨመሩ፤ ከዚያ በኋላ የሐይቁ ትንንሽ ዓሣዎች በብዙ ዓይነት ጠፉ። እኛ ደግሞ ያሉንን ነጭ ዓሣዎች ዓለም ላይ ሌላ ቦታ ሄደን አንተካቸውም። ቱሪስቱ እነሱን ለማየት ይምጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ ያለው ማባበያ ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን አውራ ጣቴን ያዘኝ። እናቴ “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” እያለች ስቃብኛለች። ወደ ኋላ ስጎትተው ሥጋዬን ቀደደው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከዘጌ)

መልስ፦ እናትህ ሳቁ እንጂ ደግ ናቸው፣ የኔ እናት በኩርኩም ነበር የምታስተምረኝ።

ወደ ኋላ መጎተት አልነበረብህም። የመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ሹል አለች፤ መግባት እንጂ መውጣት አታውቅም። ጣት ወይም መዳፍ ላይ ከላይ ከላይ ከገባ፣ ወደፊት ገፍተህ ጫፉን በሌላ በኩል ታወጣዋለህ፣ ሹሉን በመቁረጫ ትቆርጣለህ፣ ከዚያ ቀሪው በገባበት ይወጣል። ያማል፣ ግን አይቀድም። ጠልቆ ከገባ፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ፊትና አንገት አካባቢ ከሆነ አትንካው፤ ክሩን ቆርጠህ፣ ማባበያው እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ አስረህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ዓይን ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትጫን። በየትኛውም መንገድ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትህን ጠይቅ፣ አንተም አሁን ጠይቅ።

አደጋው የሚበዛው በውርወራ ሳይሆን ዓሣውን ስትፈታ ነው። ዓሣው አንዱን ጥፍር ይዟል፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ አንዴ ሲንፈራገጥ አንተና እሱ በአንድ መንጠቆ ትያያዛላችሁ። ስለዚህ እጅህን ወደ አፉ አታስገባ፣ ረጅም ፒንሳ ተጠቀም። ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ሁሉንም ሹል በፒንሳው ጨምቀህ አስተኛው። ክሩን እስከጠበቅክ ድረስ ዓሣ አያመልጥህም፣ ጣትህም በቀላሉ ይወጣል። መስኪ የሚያጠምዱት ከፒንሳው ሌላ መንጠቆውን ራሱን የሚቆርጥ ጠንካራ መቁረጫ ጀልባው ላይ አያጡም፤ ለዓሣውም ለሰውም።

ፒንሳውን በሲባጎ ከታንኳው ጋር እሰረው። የኔዎቹ ሁለቱ ጣና ሥር ናቸው።